የውስልትና ማስረጃ፦ ለማን፣ ለምን፣ እስከ ምን?

የትዳር አጋሬ ወስልቶብኛል ወይም ወስልታብኛለች ብሎ ወደ ጠበቃ የሚሄድ ሰው ዛሬ ዛሬ ባዶ እጁን አይሄድም። ስልኩ ውስጥ የቴሌግራም ጭውውት ስክሪንሾት አለ፤ አንዳንዴ ሳይታወቅ የተቀዳ ድምፅ አለ፤ አንዳንዴም ከሩቅ የተነሣ፣ የመኪና ታርጋ የሚታይበት ፎቶ አለ። መጀመሪያ የሚጠይቀው “ይህ ይበቃል ወይ?” ብሎ ነው።

መልሱ የሚወሰነው ማስረጃው በተፈለገበት ጉዳይ ነው። ፍቺው ራሱ፣ የንብረት ክፍፍሉ፣ የጉዳት ካሳው፣ የወንጀል አቤቱታው እና የልጅ አባትነት ክርክሩ አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአምስቱም ውስጥ “ዝሙት” የሚለው ቃል ይነሣል፤ የሚጠይቁት ማስረጃ ግን አንድ አይደለም። ለአንዱ ወርቅ የሆነው ለሌላው ቅጠል ነው፤ አንዳንዱም ያቀረበውን ሰው ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል። ጉዳዩ የሚምታታው እነዚህ አምስቱ በአንድ ከረጢት ስለሚታሰሩ ይመስለኛል።

ከሰማንያ እስከ ፍትሐ ብሔር

የጥንቱ ሥርዓት ማስረጃን የሚፈልገው እንደ ጋብቻው ዓይነት ነበር። ፍትሐ ነገሥት በጋብቻ አንቀጹ ዝሙትን ጋብቻ ከሚያፈርሱ ምክንያቶች ግንባር ቀደም ያደርገዋል፤ መሠረቱም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 የተጻፈው፣ ያለ ዝሙት ምክንያት ሚስትን መፍታት የሚከለክለው ቃል ነው። በቁርባን የተጋቡ ሰዎች ለመፋታት ቢሹ ሌላው በር ጠባብ ስለሆነ የዝሙት ማስረጃ ብዙውን ነገር ይወስናል። የሰማንያ ጋብቻ ግን ውል ነበርና በውል ይፈርስ ነበር። ባልም ሚስትም “በቃኝ” ማለት ይችላሉ፤ የሚያጨቃጭቀው በሬው፣ እህሉና ቤቱ ነው። ውስልትናው ቢነሣም ለድርሻ ማከራከሪያ ነው።

ማስረጃው ደግሞ የሰው ዐይን ነበር። “እጅ ከፍንጅ” የምንለው አባባል የዚያን ዘመን የማስረጃ ሚዛን በደንብ ያሳያል፤ ከዚያ ያነሰው ወሬ ነው። ጎረቤት፣ እረኛ፣ የቤት ሠራተኛ ለምስክርነት ይጠራሉ፤ ያ ሲጠፋ መሐላ ይመጣል። ሽማግሌ ፊት ያመነ ሰው ደግሞ ሌላ ምስክር አያስፈልግበትም። ሽማግሎቹ ግን እንደ ዳኛ ማስረጃ የመመዘን ፍላጎት ብዙም አልነበራቸውም። ሥራቸው እርቅ ነውና ነገሩ በዝርዝር እንዲወጣ አይፈልጉም፤ የወጣ ነገር ተመልሶ አይገባም። ሚዛኑ ለሁለቱም ጾታ እኩል እንዳልነበረ ግን ሊካድ አይገባም። ሰፈር ሁሉ ቅምጥ እንዳለው የሚያውቀው ባል በሽማግሌ ይመከራል፤ ሚስት ላይ የተነሣ ጥርጣሬ ግን ገና ሳይጣራ ጓዟን ያስጠቀልላት ነበር።

በእስልምና ሥርዓት የማስረጃው ደረጃ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ዝሙትን ለማስመስከር 4 የዐይን ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ምስክር የሌለው ባል ሚስቱን የሚከስ ከሆነ ሊዓን የሚባለው ሥርዓት አለ፤ ሁለቱ 4 ጊዜ ይምላሉ፣ 5ኛውን በራሳቸው ላይ እርግማን ይጠራሉ፣ ጋብቻውም ያከትማል። ይህ ሥርዓት ማን እንደዋሸ ሳይፈርድ ነው የሚያፋታው። ዛሬም በኢትዮጵያ ሁለቱ ወገኖች ከፈቀዱ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል።

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ እነዚህን ልማዶች በዘመናዊ ልብስ ለማልበስ ሞከረ። የፍቺ አቤቱታ ለቤተ ዘመድ ዳኞች ይቀርባል። ምክንያቶቹ “ከባድ” እና ከባድ ያልሆኑ ተብለው ተከፈሉ፤ ዝሙት ከከባዶቹ አንዱ ሆነ። የማስረጃ አደን ሞተሩ የተነሣውም እዚህ ላይ ነው። ከባድ ምክንያት ያስረዳ ወገን ፍቺውን በቶሎ ያገኛል፤ ጥፋተኛው በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችላል። ከባድ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ግን በተራው ቅጣቱ በእሱ ላይ ሊዞር ይችላል። እንግዲህ ትዳር የመረረው ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው፤ ወይ የትዳር አጋሩን ጥፋት ያስረዳል፣ ወይ ራሱ እንደ ጥፋተኛ ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የአንዲት የቤት ሠራተኛ ምስክርነት አንድ ቤት ያስገኝ ወይም ያሳጣ ነበር።

የ1992ቱ አዋጅ ያነሣውና የተወው

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሞተር አጠፋው። ፍቺ ወይ በሁለቱ ስምምነት፣ ወይ በአንዱ ወይም በሁለቱ አቤቱታ በፍርድ ቤት ይፈጸማል። በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች ምክንያታቸውን እንዲናገሩ አይገደዱም። በአቤቱታ የመጡትን ፍርድ ቤቱ ያነጋግራል፣ ወደ መረጧቸው ሽማግሎች ይልካል፣ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ከዚያ ወዲያ እርቅ ካልተገኘ ፍቺው ይወሰናል። የጋራ ሀብት በመርሕ እኩል ይከፈላል። አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይን የመሰሉ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ የክልል ነዋሪ የራሱን ክልል ሕግ ማየት አለበት፤ የክርክሩ ቅርጽ ግን ይቀራረባል።

ስለዚህ ፍቺ ብቻ ለሚፈልግ ሰው የውስልትና ማስረጃ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰው አያምነውም። “አስረድቼ ነው እንጂ እንዲሁ አልፈታም” የሚለው ስሜት ከ1952ቱ ሕግ የተረፈ ቅርስ ነው፤ የዚያ ሕግ የቤተሰብ ክፍል ከተሻረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም በሰው አእምሮ ውስጥ ጸንቶ ይኖራል።

አዋጁ ግን ጥፋትን ጨርሶ አላስወጣም። አንቀጽ 56 ባልና ሚስት እርስ በርስ የመተማመን ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 84 ደግሞ ለጋብቻው መፍረስ ምክንያት የሆነው አንደኛው ወገን ከሆነ፣ ፍትሕ በሚጠይቀው መጠን ለሌላው ወገን የደረሰበትን ጉዳት እንዲክስ ፍርድ ቤቱ ሊያዝዝ እንደሚችል ይደነግጋል። “ሊያዝዝ ይችላል” የምትለዋ ቃል ልብ ትባል። ካሳው እንደ ድሮው የንብረት ቅጣት አይደለም፤ ጉዳት መኖሩ መታየት አለበት፤ ጉዳቱም ከጥፋቱ የመጣ መሆን አለበት። አንዱን ወገን ሥራ ያስለቀቀ፣ ለሕክምና ያስወጣ፣ ቤት ያስለወጠ ነገር በደረሰኝ ይታያል። የተሰበረ ልብ በስንት ብር ይመዘናል የሚለው ግን ዳኛ ከዳኛ የሚለያይበት ጥያቄ ነው።

በዚህ አንቀጽ ላይ ሁለት አቋሞች አሉ። አንደኛው፣ ሕጉ ጥፋትን ከፊት በር አስወጥቶ በጓሮ በር መልሶ አስገባው የሚል ነው። ችሎቱ እንደገና የመኝታ ቤት ምስክር ይሰማል፣ ልጆች እንደገና በወላጆቻቸው ስም ያፍራሉ ይላሉ የዚህ አቋም ሰዎች። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጥፋት ምንም ውጤት ከሌለው መተማመንን የደነገገው አንቀጽ ባዶ ምክር ሆኖ ይቀራል፤ በተለይ ዕድሜዋን በቤት ውስጥ ሥራ ያሳለፈች ሚስት እኩል ክፍፍል ብቻውን አይክሳትም ይላል። ሁለተኛው ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ክርክሩን ግን ከአልጋ አንሥቶ ወደ ገንዘብ ማምጣት የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ያም በዚሁ አዋጅ ውስጥ ተጽፏል።

የ100 ብሩ ስጦታ

አንቀጽ 68 ባልና ሚስት ካልተስማሙ በቀር ሊደረጉ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። ከነዚህም መካከል ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ሀብት በስጦታ መስጠት፣ ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ማበደር ይገኛሉ። ያለ ስምምነት የተደረገውን ውል ሌላው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያፈርሰው ይችላል፤ ጊዜው ካወቀበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ነው፤ ባያውቅም እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ አይቻልም።

ዛሬ 100 ብር ሁለት ሰው ማኪያቶ አያጠጣም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን ይኸው ነው። ደመወዝ ደግሞ የጋራ ሀብት ነው። እንግዲህ ባል ለውሽማው በየወሩ የቤት ኪራይ ቢልክ፣ ወይም ሚስት ለወዳጇ ስልክ ብትገዛ፣ እያንዳንዱ ክፍያ በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል። “ስጦታ አይደለም፣ ብድር ነው” የሚለው የተለመደ መልስም አያድንም፤ ከ500 ብር በላይ ማበደርም የሁለቱን ፈቃድ ይሻል።

አሁን ሁለት ማስረጃዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንዱ “ናፍቀሽኛል” የሚል መልእክት ስክሪንሾት ነው፤ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ተቆርጦ እንደሆነ ያከራክራል፤ ተጠሪው “ስልኬ ሰው እጅ ነበር” ብሎ ሊቆም ይችላል። ሌላው የባንክ ሂሳብ መግለጫ ወይም የቴሌብር የክፍያ መልእክት ነው፤ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ መጠን አለው፣ የተቀባይ ስም አለው፣ የግብይት ቁጥር አለው። ፍርድ ቤትም ዋናውን ከባንኩ አስቀርቦ ማመሳከር ይችላል። የመጀመሪያው የሚያስረዳው ስሜትን ነው፤ ሁለተኛው ከጋራ ኪስ የወጣ ገንዘብን። ንብረት ለሚካፈል ሰው ሁለተኛው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ብዙ ተከራካሪ ግን የመጀመሪያውን ሲያሳድድ 6 ወሩን ያቃጥላል።

የወንጀሉ መንገድ

ዝሙት በ1949ኙም በ1996ቱም የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። በ1996ቱ አንቀጽ 652 መሠረት የሚያስቀጣው የተበደለው የትዳር አጋር አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ ነው፤ ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ድርጊቱን የፈቀደ ወይም ያበረታታ የትዳር አጋር አቤት ማለት አይችልም። በግል አቤቱታ ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ሕጉ የሰጠው የ3 ወር ገደብም አለ።

እዚህ ላይ ልዩነቱ የሰፋ ነው። ወንጀሉ የግብረ ሥጋ ግንኙነትን ይጠይቃል። ፍቅር የተሞላ መልእክት፣ አብሮ ምሳ መብላት፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ መተማመንን የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል፤ ዝሙት ግን አይደለም። በፍትሐ ብሔር ክርክር ሚዛን የደፋ ማስረጃ ይበቃል፤ በወንጀል ግን ምክንያታዊ ጥርጣሬ መቅረት የለበትም። “ፔንሲዮን ገብተው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጡ አይቻለሁ” የሚል ምስክር ለካሳ ክርክር ክብደት ሊኖረው ይችላል፤ ለወንጀል ግን ክፍተቱን በሌላ ነገር መሙላት ያስፈልጋል። የወንጀል አቤቱታ ብዙ ጊዜ በንብረት ድርድር ላይ ማስፈራሪያ ሆኖ ሲያገለግልም ይታያል። ወንጀሉ ከመጽሐፍ ይውጣ የሚሉ ሰዎች ዋነኛ መከራከሪያ ይኸው ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በፍርድ ቤት ውሳኔ አውጥተውታል። ይቆይ የሚሉት ደግሞ ሕዝቡ ገና ወንጀል ነው ብሎ ያምናል ይላሉ።

ልጅን በሚመለከት ጉዳዩ ሌላ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው የሚለው የሕግ ግምት በሚስት ውስልትና ማስረጃ ብቻ አይፈርስም። ልጁን መካድ የራሱ ክስ፣ የራሱ አጭር የጊዜ ገደብ አለው፤ የሚጠየቀውም አባት ሊሆን አለመቻሉ ነው። ልጅ ከማን ጋር ይደግ የሚለውም የሚወሰነው በልጁ ጥቅም ነው እንጂ በወላጆቹ አልጋ ታሪክ አይደለም።

ስልክ መበርበር

በእኛ ዘንድ የግል መርማሪ ቀጥሮ ማስከተል እምብዛም የተለመደ አይደለም። የሚያስሰው ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ መሣሪያውም የሌላው ሰው ስልክ ነው። ሲተኛ በጣቱ መክፈት፣ የይለፍ ቃል አጮልቆ ማየት፣ የቴሌግራም አካውንት በሌላ ስልክ መክፈት፣ መከታተያ አፕ መጫን፣ መኪና ውስጥ ድምፅ መቅጃ መተው፤ አሁን ማስረጃ የሚባለው አብዛኛው የሚገኘው እንዲህ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ ደብዳቤን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትንና ግንኙነትን መጥለፍን በወንጀል ይቀጣል። ለባልና ሚስት የተለየ በር አልከፈተም። ይህን የሚሰማ ሰው “የሚስቴ ስልክ አይደል እንዴ?” ሊል ይችላል። ስልኩ በጋራ ገንዘብ ተገዝቶ ይሆናል፤ ፈቃዱ ግን የጋራ ሀብት አይደለም።

ፍትሐ ብሔር ሕጉ በዚህ ላይ የሚገርም ቀዳሚነት አለው። በ1952 የተጻፈው አንቀጽ 31፣ ሚስጥራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ከልክሎ፣ ሕጋዊ ጥቅም እንዳለው ካሳየ ግን በፍርድ ክርክር ሊያቀርበው እንደሚችል ይፈቅዳል። ፈቃዱ የተሰጠው ለተቀባዩ ነው። የትዳር አጋሯ በቀጥታ ለእሷ የላከላትን፣ ጥፋቱን ያመነበትን መልእክት ሚስት ልታቀርብ ትችላለች የሚለው ክርክር ከዚህ ይነሣል። የባሏ ውሽማ ለባሏ የጻፈችውን ግን ሚስት አልተቀበለችውም፤ ያገኘችው ነው። በመቀበልና በማግኘት መካከል ያለው ልዩነት ከደብዳቤ ወደ ቴሌግራም ቢሻገርም የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ዋናው ያልተዘጋ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ፣ አግኚውን ቢያስቀጣም፣ በፍትሐ ብሔር ችሎት ተቀባይነት አለው ወይ? ኢትዮጵያ የተሟላ የማስረጃ ሕግ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተዘጋጀው ረቂቅ ረቂቅ ሆኖ ቀረ፤ ደንቦቹ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በሥነ ሥርዓት ሕጎቹ ውስጥ ተበታትነዋል። ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ከማስረጃነት የሚያወጣው በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃልን ነው። አንድ ወገን፣ ሕግ ያልከለከለውን ዳኛ አይከልክል፣ እውነቱ ይውጣ፣ ጥፋቱ ለብቻው ይቀጣ ይላል። ሌላው፣ ፍርድ ቤት የተሰረቀ ነገር ተቀብሎ ከፈረደ አንቀጽ 26ን የሚጠብቅ ማን ቀረ ይላል። በሦስተኛው ወገን ያሉት ዳኛው እንደ ጉዳዩ ይመዝን፣ የመብት ጥሰቱንና የማስረጃውን አስፈላጊነት ያነጻጽር ባይ ናቸው።

ሌሎች አገሮች በዚሁ ጥያቄ ላይ ተለያይተዋል። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣችው የግላዊነት ሕግ በግላዊነት ጥሰት የተገኘ ነገር ለማስረጃነት እንዳይውል ይከለክላል፣ ለፍርድ ቤት ግን የመፍቀድ ሥልጣን ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚስቱን ከሌላ ሰው ጋር በቤት ውስጥ ደርሶ ፎቶ ያነሣ ባል ጉዳይ ለረቢዎች ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፎቶው እንዳይቀርብ ወስኗል። ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት በሚታይበት አገር ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በትዳር አጋር በስውር የተቀዳ የስልክ ንግግር በፍቺ ክርክር ሊቀርብ እንደሚችል ፈርዷል።

በአሜሪካው ፖቶማክ ወንዝ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም በሁለት ሕግ ሥር ናቸው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ዝሙትን ከፍቺ ምክንያቶች ዝርዝር ሰርዛለች። ቨርጂንያ ግን ዝሙትን የፍቺ ምክንያት አድርጋ የቆየች ስትሆን፣ ያስረዳ ወገን ከባድ ማስረጃ፣ ከራሱ ቃል ሌላም ደጋፊ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ጥፋተኛው ዘላቂ ቀለብ የማግኘት መብቱን ሊያጣም ይችላል። ድልድይ ተሻግሮ ቤት የቀየረ ሰው የማስረጃውን ዋጋም አብሮ ቀየረ ማለት ነው።

ማስረጃ ግዴታ ሲሆን ምን እንደሚከተል ደግሞ እንግሊዝ አሳይታለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዝሙት ብቸኛው የፍቺ በር በሆነበት ጊዜ፣ ተስማምተው መለያየት የፈለጉ ባልና ሚስት ብራይተንን በመሰሉ ከተሞች ሆቴል ተከራይተው፣ ባልየው ከተከፈላት ሴት ጋር አልጋ ላይ ቁርስ ሲበላ አስተናጋጅ እንዲያየው ያደርጉ ነበር። አስተናጋጁ ይመሰክራል፣ ፍቺው ይጸናል፣ ዝሙት ግን አልተፈጸመም። እንግሊዝ ከጥፋት ነፃ ወደ ሆነ ፍቺ ሙሉ በሙሉ የተሻገረችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ነው።

ክርክሩ የት ቆመ?

የካሳው መጠን መለኪያ አልተቀመጠለትም። ከአልጋ ያልደረሰ የስልክ ፍቅር የመተማመን ግዴታን መጣስ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግልጽ መስመር የለውም። የቤት ሠራተኛ ደመወዟን ከሚከፍላት አንደኛው ወገን ጋር ስትቆም ምስክርነቷ እንዴት ይመዘን የሚለውም በየችሎቱ የሚወሰን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን የተበረበረው ስልክ ነው፤ እያንዳንዱ ዳኛ በየራሱ ሚዛን እየመዘነ እስከ መቼ እንደሚቀጥል ሕግ አውጪው ሊመልስ ይገባዋል። የማስረጃ ሕጉ ረቂቅ ከመደርደሪያ ይውረድ፤ ሲወርድም በትዳር አጋር ስለተወሰደ መልእክት አንድ ግልጽ አንቀጽ ይጨመርበት። እስከዚያው ስልኩን ለመክፈት እጁን የዘረጋ ሰው አስቀድሞ ባንክ ሄዶ የራሱን ሂሳብ መግለጫ ያስወጣ፤ ያ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።